ቀለም ቆጠራ

ሐሙስ ነው፤ የሄርማታ ገበያ ከነጭቃው ሞልቷል፤
ቀይ ሥር ከነአፈሩ በማዳበሪያ ላይ ተዘርግቷል።
«አሥራ ሁለት ኪሎ!» ትላለች ሻጯ፤ «ሠርግ አለ መሰለኝ።»
«አዎ» አልኩ፤ እውነቱን መናገር ከሚዛኑ በላይ ከበደኝ።

ቢፍቱ ላቦራቶሪው በር ላይ፣ ጓንቷን እስከ ክርኗ ስባ፤
ስትልጥ ስትፈጭ ያብባል ጋውኗ ላይ የወይን ጠጅ አበባ።
ጭማቂው ይጠልላል፣ ይደርቃል፣ ዱቄት ሆኖ ይመዘናል፤
አንድ ጆንያ ሙሉ ሥር በአንዲት ብልቃጥ ይወሰናል።

አራት ረድፍ ሣጥን፤ በየረድፉ ስምንት ወንድ አይጥ፤
የመጀመሪያው ውኃ ብቻ፤ ሁለተኛው እርሳስ የሚውጥ፤
ሦስተኛው እርሳስ ውጦ፣ ከቀለሙ በጠብታ፤
አራተኛው እርሳስ ውጦ፣ ከቀለሙ ጠዋት ማታ።
እኔ መጋቢ ነኝ፤ ጅራት ላይ ቁጥር ጻፊ፣ ሰጋቱራ ቀያሪ፤
ስሜ ከጽሑፏ መጨረሻ፣ ከምስጋናው ሥር አዳሪ።

ጥያቄዋ አንድ መስመር ናት፤ ከበሩ ላይ ለጥፋታለች፦
የተመረዘ የዘር ፍሬ በተክል ቀለም ይድናል?
አይጦቹ አያነቡም።
እኔ አነባለሁ፤ በየጠዋቱ እግሬ ደፉ ላይ ይቆማል።

ከዚህ በፊት ጋራዥ ነበርኩ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፤
አሮጌ ባትሪ ሰብሬ እርሳሱን የማቀልጥ በጣባ።
ጭሱ ጣፋጭ ነበር፤ ዐሥራ አራት ዓመቴ፤ ማን ነገረኝ?
አለቃዬ «ወተት ጠጣበት» ብሎ አምስት ብር ጨመረልኝ።
እና አንድ ጠዋት፣ የሁለተኛውን ረድፍ ውኃ ስቀይር፣
አንዱ አይጥ ቀና ብሎ አየኝ፤ አብሮ አደጌ ይመስል ነበር።

የምትወቀሰው ኑሪያ ናት። ሰባት ዓመት፤ የሰፈር አፍ
በሷ ሆድ ላይ ይሰበሰባል፤ እኔን ይዘለኛል ሲያልፍ።
«መሬቱ ነው እንጂ» ይላሉ፣ «ዘሩማ ምን ይሆናል?»
ገበሬው ሁሉ ያውቃል፤ ዘርም በጎታ ይነቅዛል።

አንድ ቅዳሜ ማታ ቁልፉ እኔ ጋ አደረ፤
ዘበኛው አባ ዱራ ሬዲዮኑን አቅፎ ያንኮራፋ ጀመረ።
የራሴን ጠብታ ከመስታወቱ ላይ አኖርኩ፤
አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን፣ ትንፋሼን ውጬ ቆጠርኩ።
ልጅ ሆኜ ቀለም ስቆጥር ጣቴ ከፊደል ፊደል ይሮጥ ነበር።
በዚያ ሌሊት የሚሮጥ አጣሁ።
አንዱ ባለበት ይዞራል፣ መንገድ እንደጠፋበት፤
ሌላው ቆሟል።
ቁጥሩን ጻፍኩት፤ እርሳስ ያጎደለውን በእርሳስ፤
መልሼ አጠፋሁት፣ በላጲስ።

ስድሳኛው ቀን ደረሰ። አይጦቹ በኤተር አሸለቡ።
ፍሬው ፎርማሊን ጠጣ፤ ሰም ለበሰ፤ ወርቁ ግን ውስጥ ቀረ።
ከጸጉር ቀጥኖ ተቆረጠ፤ ቀለም ከሌለው አይታይም፤
ሥጋ ብቻውን ብርጭቆ ነው፤ ምስጢሩን አያወጣም።
ቢፍቱ ሰማያዊ አንጠባጠበች። «ይህም ከዛፍ ግንድ ነው» አለችኝ።
ቀለም የሠራውን ለማየት ሌላ ቀለም መለመን! ገረመኝ።

የሦስተኛው ረድፍ ሞልቷል፤ ዘር በዘር ላይ ተደርድሯል፤
የአራተኛው፣ ቀለም ያልተቆጠበለት፣ እንደ ሁለተኛው ተቦርቡሯል።
«መጠኑ ነው» አለች። «ወይም ስህተት። ወይም አላውቅም፤ እንደግመዋለን።»
ያን «አላውቅም» ወደድኩት፤ ስንቱ አዋቂ በእርግጠኝነቱ ገደለን።

ልንገራችሁ፤ ጭማቂውን ጠጥቻለሁ፣ ተራፊውን፣ በድብቅ፤
በማግስቱ ሽንቴ ቀላ፤ በሩን ያዝኩ፣ እንዳልወድቅ።
ደም መስሎኝ ነበር። ቀለም ኖሯል፤ ገብቶ ያልሰነበተ እንግዳ፤
አንድም ሳያቃልልልኝ ሄደ፣ ከተቆለለው ዕዳ።

ዛሬም ሐሙስ ነው። አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን ይልሳል፤
በራሴ ገንዘብ አንድ ኪሎ ቀይ ሥር በፌስታል ይወዛወዛል።
ለመድኃኒት አይደለም፤ ለሰላጣ ነው። ኑሪያ ስትልጠው
ጣቷ ይቀላል፤ ያኔ፣ እጇን ታጥባ ሳትጨርሰው፣
«ሁለተኛው ረድፍ እኔ ነኝ» እላታለሁ።
ምን ማለት ነው? ትለኛለች።
ከጋራዡ እጀምራለሁ።